ደሴ ማደር ወይስ ኮምቦልቻ? ወደ ወሎ ለሚመጣ እንግዳ

የአየር ማረፊያው መለያ ፊደል «ዲ ኤስ ኢ» ነው፤ ደሴን ያስመስላል። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ግን ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ላይ ናት። ብዙ እንግዳ ይህን የሚያውቀው ሻንጣውን ይዞ ከወጣ በኋላ ስለሆነ የት እንደሚያድር የሚወስነው እዚያው በር ላይ፣ ባለ መኪናው በነገረው መሠረት ይሆናል።

«ጎረቤት ናቸው፤ የትም ብታድሩ ያው ነው» የሚላችሁ አይጠፋም። ያው አይደለም። ከፍታቸው፣ ሙቀታቸው፣ የወባ ሁኔታቸው፣ ለእግር ያላቸው ምቾት ሁሉ ይለያያል። ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ነገ ጠዋት ወዴት ትነሳላችሁ የሚለው ነው። ጉዟችሁ ወደ ሰሜን ማለትም ወደ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ግሸን ወይም ወልድያ ከሆነ ደሴ እደሩ። ወደ ባቲ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴና አዲስ አበባ ወይም ወደ አውሮፕላን ከሆነ ኮምቦልቻ እደሩ። በሁለቱ መካከል ሐረጎ የሚባለው ጥምዝምዝ ዳገት አለና፣ ሐረጎን በጠዋት እየቸኮሉ ማለፍ ጥሩ አይደለም።

ሐረጎ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ይህን የ650 ሜትር ልዩነት መንገዱ የሚጨርሰው በጥምዝምዝ ዳገት ነው። በደህና ቀን ሚኒባስ 45 ደቂቃ አካባቢ ይፈጅበታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ተራራው ላይ ሲተኛ ግን ሾፌሩ የሚነዳው ከፊቱ ያለውን መኪና የኋላ መብራት እየተከተለ ነው፤ ያን ጊዜ ሰዓቱን እጥፍ አድርጋችሁ ያዙ። ናዳ ከወረደ ወይም ኩርባ ላይ ተሳቢ ከቆመ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ የሚነግራችሁ የለም።

ሚኒባሱ የሚነሳው ሲሞላ እንጂ ሰዓት ጠብቆ አይደለም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ቢጣራም ከመግባታችሁ በፊት ውስጡን እዩ፤ ሦስት ወንበር ባዶ ሆኖም ጥሪው አይለወጥም። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቶሎ ይሞላል። ቀትር ላይ መጠበቅ አለ። ከመሸ በኋላ የሚገኘው መኪና ጥቂት ነው፤ ዋጋውም የሾፌሩ ፈቃድ ይሆናል። ስለዚህ ከ11 ሰዓት በፊት ወደምታድሩበት ከተማ ግቡ። ሰዓት እላፊ ወይም የባጃጅ ገደብ ያለበት ሰሞን ከሆነ ከዚያም ቀደም ማለት ያስፈልጋል።

መኪና የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ከሾፌሩ አጠገብ ወይም ከጀርባው ባለው ረድፍ ተቀመጡ፤ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ፤ ቁርሱንም ቀለል አድርጉት። ሎሚ ይዞ ማሽተት የሴት አያቶች መላ ቢመስልም ብዙ ሰው ይረዳዋል። መስኮት ላይ ተስፋ አታድርጉ። ከኋላ ያለ አንድ ሰው «ንፋስ መታኝ» ማለቱ አይቀርም፤ በዚህ ክርክር ደግሞ ባለ መስኮቱ አሸንፎ አያውቅም።

የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ ከደሴ ስትወርዱ ያንኑ ዳገት ለመውጣት በምትጠቀሙበት ማርሽ ውረዱ፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥቶ፣ መልቀቅ የዚህ መንገድ ትልቁ ጥፋት ነው። ሞተሩ መኪናውን ስለማይዘው ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ሸራው ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ያቅተዋል። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ወደ ታች ከገባ፣ ሰፋ ያለ ዳር ፈልጋችሁ ቁሙና 20 ደቂቃ ያህል በአየር አቀዝቅዙት። ውሃ አትድፉበት፤ በግለቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍበት ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። የጫነ ከባድ መኪና ከኋላችሁ ከመጣ አሳልፉት። እሱ ከናንተ ይበልጥ ለመቆም ይቸገራል።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው። የጠዋት በረራ ያለው ሰው ዋዜማውን ደሴ አያድርም።

ብርዱና ፀሐዩ

1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ደሴ ከኮምቦልቻ 4 ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዛለች። 4 ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ማታ ላይ ግን አንዱ ከተማ ሸሚዝ ለብሶ ደጅ ሲቀመጥ ሌላው ጋቢ ደርቦ ቤቱ ይገባል።

ኮምቦልቻ ፀሐይ የሚጠግባት ከተማ ናት። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ደሴ ያን ጊዜ ለመንሸራሸር ደስ ትላለች። ከኅዳር እስከ ጥር ነገሩ ይገለበጣል፤ የደሴ ሌሊት አጥንት ይነካል፣ ኮምቦልቻ ግን ቀኑን ሞቅ ብላ ትውላለች። ለሁለቱም የሚመቸው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ስላለ ጃንጥላ አይጠላም። በደሴ ብርድ አትታለሉ፤ በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ብርድ ሆኖም ፊት ታቃጥላለች። ኮፍያ ያዙ።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው የደሴ ከፍታ አዲስ አይሆንበትም። ከሰመራ፣ ከጅቡቲ ወይም ከድሬዳዋ የሚመጣ ግን፣ በተለይ አረጋዊ ወይም አስም ያለበት ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ኮምቦልቻ ቢያድር ይሻለዋል። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተሸጉጣ በርዝመት የተዘረጋች ከተማ ናት። ከዋናው አስፋልት በወጣችሁ ቁጥር ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ጉልበት የሚያማቸውን እናት ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን ከሁሉ ነገር ፊት ያስብ።

የወባው ነገር ደግሞ አለ። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ደሴ ከዚያ በላይ ናት፤ ኮምቦልቻ በታች፣ ባቲ ደግሞ ይብስ በታች። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲቆም፣ ትንኙ ይበዛል። በዚህ ጊዜ ኮምቦልቻ የምታድሩ ከሆነ አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ። አጎበሩ ተቀዶ ከሆነ አስቀይሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ ለሐኪሙ ኮምቦልቻ ወይም ባቲ እንደነበራችሁ ንገሩት።

አልጋ ስትይዙ

ሳያዩ ክፍል መክፈል በሁለቱም ከተማ ያስቆጫል፤ የምታዩት ነገር ግን ይለያያል።

ደሴ ላይ የመጀመሪያው ሙቅ ውሃ ነው። «ሙቅ ውሃ አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። ራሳችሁ ክፈቱትና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሻወር ማሞቂያውንም እንደሚያነሳ ወይም ለአምፖል ብቻ እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ገና ሲመሽ አስመጡ፤ እኩለ ሌሊት ላይ የሚቀሰቀሰው ጥበቃ መጋዘኑን ላይከፍት ይችላል። ክረምት ከሆነ ግድግዳውን ጥግ ጥጉን በእጃችሁ ዳስሱ። እርጥበት ያለበት ክፍል ልብስ አያደርቅም፣ ጠዋትም ያስላል።

ኮምቦልቻ ላይ ሙቅ ውሃው ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው አቅጣጫው ነው። ከተማዋ የጅቡቲና የአዲስ አበባ መስመር መገናኛ፣ ደረቅ ወደብና ፋብሪካ ያላት በመሆኗ ከባድ መኪና ሌሊቱንም አይቋረጥባትም። ወደ አስፋልቱ የሚያይ ክፍል በረንዳው ቢያምርም እንቅልፍ የለውም፤ ወደ ጓሮ የሚያየውን ጠይቁ። ከሰዓት ፀሐይ የምትመታው የላይኛው ፎቅ እስከ እኩለ ሌሊት እንደሞቀ ስለሚቆይ ከመካከለኛው ፎቅ ያዙ። የመስኮቱ ወንፊት ያልተቀደደ ይሁን፤ ሙቀቱ መስኮት ያስከፍታል፣ የተከፈተው መስኮት ደግሞ ትንኝ ያስገባል።

ሮቶ መኖሩን በሁለቱም ከተማ ጠይቁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰሞን ሮቶ የሌለው ቤት የሚሰጣችሁ ባልዲ ነው። መናኸሪያ አጠገብ ማደር የሚጠቅመው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መኪና የሚይዝን ሰው ብቻ ነው፤ ለሌላው የክላክስ ጩኸት ነው። በመስከረም 21 ዋዜማ ደሴ ላይ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ የግሸን መንገደኛ ይሞላዋል።

ለማየት ደሴ

እዚህ ላይ ማመጣጠን አያስፈልግም፤ ደሴ ትበልጣለች። ኮምቦልቻ የሥራ ከተማ ናት፦ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ። ለጥ ያለች ስለሆነች በባጃጅ የትም ትደርሱባታላችሁ፤ አመሻሽ ላይ ነፋሷ ጥሩ ነው፤ እንግዳን ቀኑን ሙሉ የሚይዝ ነገር ግን የላትም።

ደሴ ላይ ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ አይጠየፍን አትለፉ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ ራሱ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ባለጸጋውም ድሃውም ሳይጠያየፍ የሚበላበት ማለት እንደሆነ የአገሬው ሰው ይነግራችኋል። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የተቋቋመው የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑንና ምን እንደሚታይ አስጠይቁ። ከዚያ ፒያሳንና አራዳን በእግራችሁ አልፋችሁ ሸዋ በር ግቡ፤ ጋቢውም፣ ዕጣኑም፣ ቅመሙም፣ የባሕር ማዶ ጨርቁም እዚያ ነው። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ግን ለጁምዓ ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ ሰዓቱን ለምሳ አድርጉት።

ምሳ ሲነሳ፦ በሁለቱም ከተማ የሙስሊም ሥጋ ቤትና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው። በሩ ላይ ጨረቃ ወይም መስቀል ታያላችሁ፤ ምልክት ካጣችሁ ጠይቁ፣ ማንም አይቀየምም። ቡድናችሁ የተቀላቀለ ከሆነ ዓሳ ያስታርቃል። የሐይቅ ቆሮሶ ደሴ ድረስ ስለሚመጣ ጥብሱን በጾምም በፍስክም ሁሉ አብሮ ይበላዋል፤ በጾም ዓሳ የማይበላ ዘመድ ካላችሁ ግን ሽሮ ተጨማሪ እዘዙ። ረመዳን ላይ ቀን ክፍት ምግብ ቤት ያንሳል፤ ማታ ግን በሁለቱም ከተማ መንገዱ ይደምቃል። ቡና ከተጠራችሁ አቦሉን ጠጥታችሁ አትነሱ። ቶናና በረካ አለ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይዛችሁ ግቡ።

የሰኞ ጭንቅ

ሰኞ ሁለቱም ገበያ ነው፤ ደሴ ላይ ሰኞ ገበያ፣ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በምሥራቅ ደግሞ ባቲ። ሁለቱን በአንድ ቀን እናያለን ያለ ሰው ሁለቱንም ሲበተኑ ይደርስባቸዋል። ምርጫው ባቲ ይሁን። የደሴው ትልቅ የከተማ ገበያ ነው፤ የሸቀጡን ብዙ ክፍል በሌላ ቀን ሸዋ በር ታገኙታላችሁ። ባቲ ግን ከሰኞ በቀር ባቲ አይደለችም። አፋሩ ከቆላ ግመሉን እየነዳ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋና ከወይና ደጋ እህሉን ጭኖ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን የወሰደው ከዚህች ከተማ ነው። (ሌላው አምባሰል ነው፤ እሱም ከደሴ ሩቅ አይደለም። ሁለት ቅኝት በአንድ ጉዞ!)

ለባቲ እሑድን ኮምቦልቻ እደሩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መኪና ከያዛችሁ ገበያው ሳይሞላ ትደርሳላችሁ፤ ግፊያው የሚበረታው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። የከብቱና የግመሉ ገበያ ከሌላው ሸቀጥ ለብቻው ስለሆነ ሙቀቱ ሳይከር መጀመሪያ ወደዚያ ሂዱ። ግመል ከኋላው አይጠጉትም፤ ባለቤቱ በቆመበት በኩል ከጎን ቅረቡ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ እምቢ ከተባላችሁ ካሜራውን ዝቅ አድርጉና እለፉ። ስትዋዋሉ ዝርዝር ብር ያስፈልጋል፤ ባለ 200 ብሩን አውጥቶ 30 ብር መክፈል ሻጩንም እናንተንም መልስ ፍለጋ ያዞራል። ውሃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር። ሐኪም ጨው ቀንሱ ካላላችሁ ጨው ያለው ነገርም ቅመሱ፤ ላብ የሚያወጣው ውሃ ብቻ አይደለም።

ከባቲ ሲመለሱ የሚበላሸው ሰዓቱ ነው። ገበያተኛው ሁሉ ከ8 ሰዓት በኋላ አንድ ላይ ይነሳል፤ ሚኒባሱ ይጋፋል፤ ፍየል የያዘ ሰው ከናንተ ጋር እኩል ቦታ ይጠይቃል። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ከገበያው ውጡ።

ሰሜኑ

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ የሚነሳ ሰው ሐረጎን ወጥቶ፣ ደሴን አቋርጦ ነው የሚደርሰው፤ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል፣ ግን ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሩት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወደ ሐይቁ በገባ መሬት ላይ ነው፤ ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም። ይህን እዚያ በር ላይ ማወቅ ያናድዳልና ቡድናችሁ ውስጥ ሴቶች ካሉ በሐይቁ ዳር የሚቆዩበትን ቦታና የሚገናኙበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ልብስ እግርና ክንድ የሚሸፍን ይሁን።

ግሸን ማርያም በኩታበር በኩል ስትኬድ ሙሉ ቀን ትፈጃለች፤ መጨረሻውም የእግር አቀበት ነው። መስከረም 21 ላይ ጭቃው ገና ስላልደረቀ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ፤ ዱላ ያዙ። ለዚህ ጉዞ ከኮምቦልቻ መነሳት የማይታሰብ ነው። በተቃራኒው፣ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ጌታ በሚባለው ቦታ ያለውን መስጊድ ለመዘየር የሚመጣ ሰው ኮምቦልቻ ቢያድር ይቀርበዋል።

በመኪና ከአዲስ አበባ

ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አድርጎ ቀኑን ይፈጃል። የደሴ አውቶቡስ ኮምቦልቻን አቋርጦ ስለሚያልፍ እዚያ የምትወርዱ ከሆነ ገና ስትሳፈሩ ለረዳቱ ንገሩት፤ ሻንጣችሁንም መጨረሻ ያስገባው፤ አለበለዚያ ኮምቦልቻ ላይ የሰው ጆንያ ሁሉ ወርዶ ነው የሚገኘው። ባለፉት ዓመታት በክልሉ ካለው የጸጥታ ችግር የተነሳ መንገድ በድንገት የሚዘጋበት ቀን አለ። በዋዜማው ማታ አንዴ፣ በጠዋቱ ደግሞ መናኸሪያ ስምሪቱን አንዴ ጠይቁ፤ የትናንቱ ወሬ ለዛሬ አይሠራም።

አምስት ቀን ያለው ሰው እንዲህ ቢያደርገው ይመቻል። ዓርብ ኮምቦልቻ አርፎ በዚያው ደሴ ይውጣ። ቅዳሜ ሐይቅን አይቶ ደሴ ይደር። እሑድ ረፋዱን አይጠየፍና ሸዋ በር ውሎ፣ 9 ሰዓት ላይ ሐረጎን ይውረድና ኮምቦልቻ ይደር። ሰኞ ባቲ ደርሶ መልስ፤ አዳር ኮምቦልቻ። ማክሰኞ በረራ። ለማክሰኞው ባጃጁን ሰኞ ማታ ቅጠሩት፤ የሾፌሩን ስልክ ብቻ ሳይሆን የሰሌዳ ቁጥሩንም ያዙ፣ የሆቴሉ ጥበቃም ሰዓቱን እንዲያውቀው አድርጉ።